መልስ፦ ማርሚታ ማስቆረጥ ለቪትዝ ጉልበት ይጨምራል ወይ?

አይጨምርም፤ ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) አታስቆርጠው። የሺህ ሲሲ ቪትዝህ የእንጦጦን ዳገት ሲወጣ የሚያቃስተው ጭሱ መውጫ አጥቶ ሳይሆን አየር አጥሮት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስላለች አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋብሪካ ሲወጣ 70 ገደማ የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እዚህ 55 ቢሰጥህ ነው። ማርሚታው ቢቆረጥ የምታተርፈው የጎረቤት እርግማን ነው።

በዚያው ገንዘብ ይህን አድርግ፦

1. ካንዴላዎቹን (በእሳት ብልጭታ ነዳጁን የሚያቀጣጥሉትን) አስፈትተህ ጫፋቸውን ተመልከት። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሱ ነዳጁ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም። የአየር ማጣሪያውንም አብረህ ቀይር።

2. ሰፊ ቸርኬ ለመግጠም አስበህ ከሆነም ተወው። ክብደቱን ለማሽከርከር ያችው ትንሽ ጉልበት ትባክናለች።

3. የኋላ ዕቃ መጫኛውን ባዶ አድርግ። እኔ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ረስቼ ሁለት ሳምንት ሞተሩን ስወቅስ ነበር።

4. ዳገቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንስ፤ መኪናው ከደከመ በኋላ አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በፊት፦ የፍሬን ዘይት። የእኔን መኪና አሳምሬ አዘጋጅቼ ከእንጦጦ በፍጥነት ስወርድ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተኝ፤ ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ወለሉ ድረስ ወረደ። በማርሽና በእጅ ፍሬን ነው ያቆምኩት። ዘይቱ ለዓመታት አልተቀየረም ነበር፤ እርጥበት ስለሚስብ ሲግል ይፈላል። በየሁለት ዓመቱ አስቀይረው።