የስኳር ነጋዴዎቹ ለምን ወደ መቃብር ሸሹ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፒያሳ በኒን መስጊድ አጠገብ በአንድ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራለሁ። ሰሞኑን ከጎረቤቴ ጋር ቡና እየጠጣን፣ ኢራቅ ውስጥ ወዳለችው ወደ ከርበላ የሚጎርፈውን የሺዓ ምእመን በቴሌቪዥን አየን። እሱ «ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ መንግሥታት እነዚህን መቃብሮች የሚፈሩበት ምክንያት አለ ብዬ ተከራከርሁት። የተሸነፈ የቡናውን ይከፍላል ተባብለናል።
የ26 ዓመት አንባቢ፣ ከአራዳ

መልስ፦ ልጄ፣ ቡናውን ጎረቤትህ ይክፈል፤ ስኳሩን ግን አንተ። ሰውየው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ከርበላ የሚሄደው ሰው እ.ኤ.አ. በ680 ለተገደለው ለነቢዩ ሙሐመድ የልጅ ልጅ ለሑሴን ሊያለቅስ እንጂ ፖለቲካ ሊያወራ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኳር ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ታሪክ ሳስተምር በኖርሁባቸው ዓመታት ተማሪዎቼ የሚነቁት ነገሥታትን ስዘረዝር ሳይሆን የስኳር ዋጋ ሳነሣ ነበር፤ የቀበሌ ሱቅ ወረፋ ያሳደጋቸው ናቸውና። በ1905 መገባደጃ ላይ የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ያስከተለው መዘዝ ቴህራን ደርሶ ስኳር ተወደደ። የከተማው ገዥ «እናንተ ናችሁ ያስወደዳችሁት» ብሎ ነጋዴዎች አስያዘና ውስጥ እግራቸውን አስገረፈ። ከተገረፉት አንዱ መስጊድ ያሠራ የተከበረ ሽማግሌ ነበር። ገበያው ተዘጋ። ነጋዴዎቹና ኡለማዎቹ ወደ ቤተ መንግሥት አልሄዱም፤ ከከተማው በስተደቡብ ሬይ ወዳለው የሻህ አብዱልአዚም መቃብር (ስሙ ሻህ ይባል እንጂ ንጉሥ ሳይሆን የነቢዩ ዘር የሆነ ቅዱስ ሰው ነው) ሄደው ግቢው ውስጥ ተቀመጡ።

እንዲህ ያለው መቀመጥ በፋርስኛ «ባስት» ይባላል። እዚያ የገባን ሰው፣ ወንጀለኛ እንኳ ቢሆን፣ የንጉሥ ወታደር ጎትቶ ማውጣቱ ነውር ነበር። አክሱም ጽዮን ገብቶ ስለሚማጸን ሰው ከአያቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ ይህ አይጠፋውም። ሻህ ሙዛፈር አድዲን ከሳምንታት በኋላ «የፍትሕ ቤት» አቋቁማለሁ ብሎ ቃል ገባ፣ ቃሉንም አጠፈ። በ1906 ክረምት ኡለማዎቹ የኢማም ሪዳ (ሺዓዎች የነቢዩ ወራሽ ከሚሏቸው ዐሥራ ሁለት ኢማሞች ስምንተኛው) እህት ፋጢማ ወደተቀበረችበት ወደ ቁም ከተማ ተነሡ፤ ሺዎች ደግሞ የእንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ገብተው ድንኳን ተከሉ። (ለጋሲዮን ኤምባሲ እንደማለት ነው፤ ስሙን የፈረንሳይ ለጋሲዮን ታክሲ አስተምሮሃል።) ሻሁ ተሸነፈ፤ የኢራን የመጀመሪያው ፓርላማ በኛው መስከረም ማብቂያ ላይ ተከፈተ።

ያው የሬይ ግቢ ግን ከዚያ በፊትም ጉድ አይቷል። በ1891 መጀመሪያ ላይ የሙዛፈር አድዲን አባት ናስር አድዲን ሻህ ነውሩን ደፍሮ፣ እዚያ ተጠግቶ የነበረውን፣ አገዛዙን የሚነቅፈውን የሙስሊም አሳቢ ጀማሉዲን አል አፍጋኒን በሕመሙ ላይ በብርድ አስጎትቶ ከአገር አባረረው። ይኸው ሻህ የትምባሆ ንግዱን በሙሉ ለአንድ እንግሊዛዊ ሻለቃ ሰጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በዘመኑ የሺዓ ታላቅ ሊቅ በነበረው በሚርዛ ሺራዚ ስም «ትምባሆ ማጨስ የተሰወረውን ኢማም መውጋት ነው» የሚል ፈትዋ ወጣ፤ የተሰወረው ኢማም ሺዓዎች አንድ ቀን ይመለሳል ብለው የሚጠብቁት ዐሥራ ሁለተኛው ኢማም ነው። የሻሁ ሚስቶች ሳይቀሩ ጋያቸውን ጣሉ ይባላል። በጥር 1892 ውሉ ፈረሰ።

ሺራዚ የሚኖረው ሁለት ኢማሞች በተቀበሩባት በሳመራ ነበር (የአፋሯን ሰመራ ማለቴ አይደለም)። ሳመራ፣ ነጀፍና ከርበላ በኦቶማኖች ግዛት ውስጥ ስለነበሩ የሻሁ ፖሊስ አይደርስባቸውም። ኡለማዎቹም የሚኖሩት ምእመኑ በሚሰጣቸው «ኹምስ» እንጂ በቤተ መንግሥት ደመወዝ አልነበረም። እንጀራው ከሻሁ ያልመጣን ሰው በምን ታስፈራራዋለህ?

ሜይ 1 ቀን 1896፣ ከዓድዋ ድል ልክ ሁለት ወር በኋላ፣ ናስር አድዲን ለዚያራ ወደ ሬይ ወረደ። አፍጋኒን ባስጎተተበት በዚያው መቃብር ውስጥ ሚርዛ ሬዛ ኬርማኒ የሚባል የአፍጋኒ ተከታይ በጥይት ገደለው። ሻሁ የተቀበረውም እዚያው ነው። ይህን ስተርክ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር።

ግን መቃብሮቹ ሁልጊዜ ለተበደለ ይቆማሉ ብለህ ለጎረቤትህ እንዳትነግረው። ሻህ አባስ በ1601 ከኢስፋሃን እስከ ማሽሃድ በእግሩ ተጉዞ የኢማም ሪዳን መቃብር ተሳልሟል። እምነቱን አልጠራጠርም፤ ሆኖም ተጓዡ ገንዘቡን ይዞ ወደ ኦቶማን ምድር ከሚሄድ እዚያው አገሩ ቢቀር እንደሚሻል ያውቅ ነበር።

ባስትም ቢሆን የሚከበረው ነውርን የሚፈራ ንጉሥ እስካለ ድረስ ነው። በ1935 ሬዛ ሻህ ወንዶች ሁሉ የአውሮፓ ባርኔጣ ይልበሱ ሲል፣ ተቃዋሚዎች ማሽሃድ ከኢማሙ መቃብር ጋር በተያያዘው የጎሃርሻድ መስጊድ ተሰበሰቡ። ወታደሮቹ ግቢው ውስጥ ተኮሱባቸው።