የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ጉብኝትን ከድረ ገጽ እንግዛ ወይስ ከአስጎብኚው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ አሜሪካዊ ነው፤ ሁለቱ ልጆቻችንም እስካሁን ኢትዮጵያን አላዩም። በመጪው ታኅሣሥ መጨረሻ አገር ቤት ገብተን ገናን በላሊበላ፣ ጥምቀትን በጎንደር ለማክበር፣ በመካከሉም የሰሜን ተራሮችን ለመጎብኘት አስበናል። ባለቤቴ በአንድ ታዋቂ የጉብኝት መሸጫ ድረ ገጽ ላይ ሙሉ ጉዞውን አግኝቶ ሊከፍል ሲል የአስጎብኚው ድርጅት ስም ከሥር ተጽፎ አየሁና አዲስ አበባ ደወልኩላቸው። በቀጥታ ብገዛ ከድረ ገጹ ዋጋ አንድ አምስተኛውን እንደሚቀንሱልኝ፣ ግማሹን ቀብድም ቨርጂኒያ ለሚኖር ዘመዳቸው በዜል (በአሜሪካ ከባንክ ሒሳብ ወደ ባንክ ሒሳብ ገንዘብ በሚላክበት አገልግሎት) እንድልክ ነገሩኝ። ባለቤቴ አልተዋጠለትም። እኔ ደግሞ ከድረ ገጹ ላይ ስማቸውን አግኝቼ ዞሬ በቀጥታ መግዛቴ ነውር እንዳይሆን ሰጋሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?
አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ነውሩን በማንሳት እንጀምር፤ ምክንያቱም እሱ ቀላሉ ነው። ከድረ ገጹ ጋር የተዋዋለው አስጎብኚው እንጂ እርስዎ አይደሉም። ገና ምንም ነገር አላስያዙም፤ ስለዚህ ዋጋ ማነጻጸርና ወደ ድርጅቱ መደወል መብትዎ ነው። በድረ ገጹ በኩል ካስያዙ በኋላ አስጎብኚው «ሰርዙና በቀጥታ ክፈሉኝ» ቢልዎ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እሱ ውሉን ያፈርሳል፣ እርስዎም የነበረዎትን ዋስትና ያጣሉ።

የዋጋው ልዩነት ከየት እንደመጣ ማወቅ ለውሳኔዎ ይረዳል። ከታወቁት የጉብኝት መሸጫ ድረ ገጾች መካከል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 በትሪፕአድቫይዘር የተገዛው ቪያተርም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2009 በዙሪክ ተጀምሮ ዛሬ ዋና መሥሪያ ቤቱ በርሊን የሚገኘው ጌትዩርጋይድ የራሳቸው መኪናም ሆነ ሾፌር ይዘው ላሊበላ አይጠብቁዎትም። ሥራቸው ገዢንና አስጎብኚን ማገናኘት ሲሆን፣ ለዚህም በአብዛኛው ከሽያጩ ከመቶ 20 እስከ 30 የሚደርስ ኮሚሽን ይወስዳሉ። አንድ አምስተኛ ይቀነስልዎታል መባሉም ከዚሁ ጋር የሚመጣጠን ነው፤ አስጎብኚው ለድረ ገጹ ሊከፍለው የነበረውን ለእርስዎ መተዉ ነው እንጂ በራሱ የሚያስጠረጥር አይደለም። ድረ ገጹ እንደ ቤት ደላላ ነው፦ ቤቱን ያሳይዎታል፣ ድርሻውን ይወስዳል፣ ጣሪያው ቢያፈስ ግን መሰላል ይዞ የሚመጣው እሱ አይደለም።

ይሁን እንጂ ኮሚሽኑ በከንቱ የሚከፈል ገንዘብ ነው ማለት አይደለም። ድረ ገጹ ከእርስዎ የተቀበለውን ገንዘብ ለአስጎብኚው የሚያስተላልፈው እንደ ደንቡ ጉብኝቱ ከተፈጸመ በኋላ ነው፤ አስጎብኚው ባይመጣ ጥያቄዎን የሚያቀርቡለት፣ ገንዘቡም በእጁ ያለ ሌላ አካል አለ ማለት ነው። አስተያየት የሚጽፉትም በአመዛኙ ጉብኝቱን በትክክል የገዙ ሰዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ በጉልህ የሚታየው «ጉብኝቱ ሊጀመር 24 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ በነጻ መሰረዝ ይቻላል» የሚለው ቃል ግን የተለመደው በአንድ ቀን ጉብኝቶች ላይ ነው። የብዙ ቀን ጉዞዎች የራሳቸው የስረዛ ደንብ አላቸው፤ አንዳንዶቹም ከተገዙ በኋላ ጭራሽ ገንዘብ አይመልሱም። ባለቤትዎ ያንን ቃል አይተው ልባቸው አርፎ ከሆነ፣ የዚያን ጉዞ ደንብ በዚያው ገጽ ላይ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት ይንገሯቸው።

የእርስዎ ጉዞ ደግሞ ከተራ የከተማ ጉብኝት ጋር የሚመሳሰል አይደለም። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭት በተቀሰቀሰ ጊዜ ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚደረጉ በረራዎች ለጊዜው ተቋርጠው ነበር። የመንገዱ ሁኔታም ከሳምንት ሳምንት ሊለዋወጥ የሚችል ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጠቅመው ባሕር ማዶ የተቀመጠ የደንበኞች አገልግሎት ሳይሆን ጠዋት ደባርቅ ደውሎ የመንገዱን ሁኔታ የሚጠይቅ፣ አስፈላጊ ሲሆንም ጉዞውን ወደ ሐዋሳና አርባ ምንጭ የሚያዞር ሰው ነው። በዚህ ረገድ በቀጥታ መነጋገሩ እጅግ የተሻለ ነው ብለን እናምናለን፤ ግን በቃል ብቻ አይሁን። ወደ ላሊበላ የሚደረገው በረራ ቢሰረዝ፣ ወይም ከጎንደር ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ቢዘጋ ምን እንደሚደረግ፣ ስንት እንደሚመለስልዎትና በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስ በጽሑፍ ይቀበሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በክልሉ ላይ ያወጣውን የጉዞ ማሳሰቢያና የጉዞ መድኅንዎን ውል ጎን ለጎን ያንብቡ፤ ብዙ የመድኅን ውሎች መንግሥት «አትሂዱ» ባለበት ቦታ ለሚደርስ ጉዳት ወይም ለሚሰረዝ ጉዞ አይከፍሉም። ልጆች ይዘው የሚሄዱ በመሆንዎ ይህ ከዋጋው ክርክር በላይ ነው።

ሌላው የቀኑ ጉዳይ ነው። በውጭ ድረ ገጾች ላይ ጥምቀት ብዙ ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሆኖ ተጽፎ ይታያል። እኛ እንደምናውቀው ግን በዘመነ ዮሐንስ ጥር 11 የሚውለው ጃንዋሪ 20 ነው፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። በዚያ ዓመት ገና በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 28 ይከበራል እንጂ በፈረንጁ ጃንዋሪ 7 መሆኑ አይለወጥም። ቀኑ ተሳስቶ የተዘጋጀ ጉዞ የገዛ ሰው ከተራን አይቶ፣ በፋሲለደስ መዋኛ የሚደረገው ጸበል ሳይረጭ ወደ አየር ማረፊያ ሊወሰድ ይችላል። የአዲስ አበባው ድርጅት ይህን አይስተውም።

የአገር ውስጥ በረራውንም ያስቡበት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በራሱ ዓለም አቀፍ በረራ ለሚመጡ መንገደኞች የአገር ውስጥ ትኬቶችን በቅናሽ ይሸጣል። ድረ ገጹ ላይ ያለው አንድ ወጥ ዋጋ እርስዎ በየትኛው አየር መንገድ እንደሚመጡ አያውቅም፤ የትኬት ቁጥርዎን የሰጡት አስጎብኚ ግን ይህን አስቦ ማስላት ይችላል። በተመሳሳይ መንገድ የሚከፈለው ዋጋ ምን ምን እንደሚያካትት አንድ በአንድ ይጠይቁ፦ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት መግቢያ፣ ደባርቅ ላይ የሚከፈለው የፓርኩ መግቢያ፣ አብሮ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ (ስካውት) እና የአካባቢው አስጎብኚ አበል። ርካሽ የመሰለው ጉዞ ብዙ ጊዜ ርካሽ የሚሆነው እነዚህን ስለሚተው ነው። በገና ሰሞን የላሊበላ ሆቴሎች ቀድመው ስለሚሞሉ «ወዲያው ተረጋግጧል» የሚለው የድረ ገጹ መልእክት አልጋው ተይዟል ማለት አይደለም፤ የሆቴሉን ስምና ሆቴሉ የሰጠውን ማረጋገጫ ይጠይቁ።

ወደ ዜሉ እንመለስ፤ እዚህ ላይ ባለቤትዎ ትክክል ናቸው። በዜል የተላከ ገንዘብ በእጅ እንደተሰጠ ጥሬ ገንዘብ የሚቆጠር ነው፤ ከዚያም በላይ ተቀባዩ ድርጅቱ ሳይሆን ድርጅቱ ዘመዴ የሚለው ሰው ነው። ጭቅጭቅ ቢነሳ ለድርጅቱ መክፈልዎን የሚያሳይ ደረሰኝ አይኖርዎትም። ብዙ አስጎብኚዎች ይህን የሚጠይቁት ለማጭበርበር አስበው ሳይሆን ክፍያ ከውጭ መቀበል ስለሚከብዳቸው እንደሆነ እናውቃለን፤ ሆኖም የእነሱ ችግር የእርስዎ ኪሳራ መሆን የለበትም። በድርጅቱ ስም ወደተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም በካርድ መክፈል እንደሚፈልጉ ይንገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የአሜሪካ ሕግ በክሬዲት ካርድ ለተከፈለና ላልተሰጠ አገልግሎት ክፍያውን ለመቃወም ያስችላል፤ ተቃውሞው ግን ክፍያው የታየበት ወርኃዊ መግለጫ ከተላከ በ60 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መቅረብ ይኖርበታል። የካርድ ድርጅቶቹ የራሳቸው ረዘም ያለ ደንብ ቢኖራቸውም፣ ከጉዞው ስድስት ወር በፊት ግማሹን ከመክፈል ይልቅ ቀብዱን ዝቅ አድርጎ ቀሪውን ወደ ጉዞው ሲቃረቡ መክፈሉ ይሻላል። የታደሰ የንግድ ፈቃድና ከቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ የተሰጠ የብቃት ማረጋገጫ ቅጂ ይጠይቁ፤ ይህን ለመላክ የሚያመነታ ድርጅት ቀብድ ሊሰጠው አይገባም።

እነዚህን ሁሉ ካሟሉ ከአስጎብኚው በቀጥታ ይግዙ። ካላሟሉ፣ ከድረ ገጹ ዋጋ በታች ያለው ቅናሽ ለሥጋቱ አይበቃም። አዲስ አበባ የሚያሳልፉት ቀን ካለ ግን የእንጦጦን ወይም የደብረ ሊባኖስን የአንድ ቀን ጉብኝት ከድረ ገጹ ቢገዙት ምንም አይጎዳዎትም።

ጥያቄ፦ እናቴን ከአገር ቤት አስመጥቼ ወደ ሮም ልወስዳት ነው። የኮሎሴም ቲኬት በይፋዊው ድረ ገጽ «አልቋል» ይላል፤ ሌሎች ድረ ገጾች ላይ ግን ከአስጎብኚ ጋር በብዙ እጥፍ ዋጋ ሞልቷል። ይህ እንዴት ሊሆን ይችላል?
አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት

መልስ፦ ጥያቄውን የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣንም ጠይቆታል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 ቀድሞ ቲኬቱን ሲሸጥ የነበረውን ኮኦፕካልቸርን እና ስድስት የጉብኝትና የቲኬት ሻጮችን በድምሩ 20 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ቀጥቷቸዋል፤ ምክንያቱም ቲኬቶቹ በኮምፒውተር ፕሮግራም ጭምር በጅምላ እየተገዙ ከጉብኝት ጋር ተጣምረው በውድ ዋጋ ሲሸጡ፣ ተራው ሰው ግን በመደበኛው ዋጋ ማግኘት አቅቶት ነበር።

መደበኛው ቲኬት ዋጋው 18 ዩሮ ሲሆን ለሽያጭ የሚቀርበው ከጉብኝቱ ቀን 30 ቀናት አስቀድሞ ነው። ስለዚህ ቀኑን ቆጥረው በመጀመሪያው ሰዓት ይሞክሩ፤ ካልተሳካ ብቻ ከአስጎብኚ ጋር ያለውን ይግዙ፣ የሚከፍሉትም ለቲኬቱ ብቻ ሳይሆን ለአስጎብኚው ሥራ መሆኑን አውቀው ይሁን። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ቲኬቱ በስም የሚሰጥ በመሆኑ መግቢያው ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። የእናትዎን ስም ከፓስፖርታቸው ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ያስገቡ፤ የቤተሰብ ስም በሚለው ቦታ ላይ የእርስዎን የጀርመን ሰነድ አስመስለው የአባትን ስም ብቻ ጽፈው ፓስፖርቱ ላይ የአያት ስም ቢኖር፣ በር ላይ ማስረዳቱ ለእናትዎ አድካሚ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሁለት ሚኒባሶች ያሉት አነስተኛ አስጎብኚ ድርጅት አለኝ። ጓደኞቼ በውጭ ድረ ገጾች ላይ እንድገባ ይመክሩኛል፤ ሩብ ያህል ኮሚሽን መክፈሉ ግን ከበደኝ። ድረ ገጹ ላይ ዋጋ ጨምሬ በራሴ ገጽ ላይ ብቀንስስ?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የመጨረሻውን ሐሳብ ይተዉት። ብዙዎቹ ድረ ገጾች በውላቸው ላይ በሌላ ቦታ ያነሰ ዋጋ እንዳያወጡ ይከለክላሉ፤ ሲደርሱበትም ከዝርዝራቸው ወደ ታች ያወርዱዎታል ወይም ያስወጡዎታል። በቀጥታ ለሚመጣ እንግዳ ዋጋ ከመቀነስ ይልቅ ለምሳሌ ምሳውን ወይም ከአየር ማረፊያ መቀበልን ቢጨምሩለት እንግዳውም ይደሰታል፣ እርስዎም ውልዎን አያፈርሱም።

ሒሳቡን በአንድ ጉብኝት ላይ ይሥሩት። 100 ዶላር የሚሸጡት የአንድ ቀን ጉብኝት ከኮሚሽኑ በኋላ 75 ዶላር ይሆናል፤ ከዚያ ላይ ነዳጅ፣ የአስጎብኚ አበል፣ መግቢያና የመኪናው ድካም ይነሳሉ። በአንድ እንግዳ ብቻ ይህ አያዋጣም፤ በአራት እንግዳ ግን አብዛኛው ወጪ ለሁሉም አንድ ስለሆነ ትርፍ ይኖረዋል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ብቻ ጉብኝት ካቀረቡ ዋጋውን ለየት አድርገው ያውጡ፣ ወይም ዝቅተኛውን የሰው ቁጥር ሁለት ያድርጉ። ዋጋውን በዶላር መተመንዎ በምንዛሪ በኩል ቢጠብቅዎትም፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር የሚከፍሉት ወጪ በፍጥነት ስለሚቀያየር ከወራት በኋላ ለሚመጣ እንግዳ ዛሬ የሚያስቀምጡትን ዋጋ በየሩብ ዓመቱ ይከልሱ።

በእኛ አመለካከት ድረ ገጹ ለአነስተኛ ድርጅት የሚጠቅመው እንግዳ የሚመጣበት ዋነኛ በር ሆኖ ሳይሆን ስም የሚተከልበት ቦታ ሆኖ ነው። ሁለት ወይም ሦስት የአንድ ቀን ጉብኝቶችን ብቻ ያስገቡ፤ የሰሜኑን ወይም የኦሞን ረጅም ጉዞ ለራስዎ ያቆዩ፣ ምክንያቱም በዚያ ላይ የሚከፈለው ኮሚሽን መጠኑ ትልቅ ሲሆን ጉዞው በመንገድ ምክንያት ቢለወጥ የድረ ገጹ ደንብ እጅዎን ያስርብዎታል። በጉብኝቱ ቀን ያስደሰቱት እንግዳ ለሚቀጥለው ጉዞ በራሱ ፈቃድ ቢደውልልዎ የሚከለክለው የለም። ገጹን ሲያዘጋጁም የማይጨምረውን ሁሉ ከሚጨምረው ዝርዝር ቀጥሎ በግልጽ ይጻፉ፤ በሩ ላይ ድንገት የመግቢያ ክፍያ የተጠየቀ እንግዳ አስተያየቱን የሚጽፈው ስለ መግቢያው ነው፣ ስለ አስጎብኚው ትጋት አይደለም።