ስለ ቲኢ ተነል ጠይቁኝ፣ ዛሬ የሌሊት ተረኛ ነኝ

ሰላም ጀመዓው፣ ኮምቦልቻ ተረኛ ነኝ፣ ቡናው ተፈልቷል፣ ስለ ኤምፒኤልኤስ ትራፊክ ኢንጂነሪንግ (ቲኢ) ያላችሁን ጣሉት፤ ፓኬት ላይ መለያ እየለጠፉ ትራፊኩን በመረጣችሁት መንገድ መላክ ነው፣ ተነል የሚባለውም ያ መንገድ ነው። የምነካካው የሲስኮ ራውተር ስለሆነ በሱ ነው የምመልሰው።

ጥያቄ፦ ተነሉ አፕ ነው ግን ምንም ትራፊክ አይገባበትም፣ ምን አጥፍቼ ነው?

ምንም አላጠፋህም ወንድሜ፣ መንገዱን ሰርተህ ማንም እንዲሄድበት አላዘዝክም። ኦቶራውት አናውንስ (ራውተሩ ራሱ ትራፊክ ወደ ተነሉ እንዲልክ የሚያደርግ ትእዛዝ) አስገባ ወይ ስታቲክ ራውት (በእጅ የሚጻፍ መንገድ) ወደ ተነሉ ጠቁም። ደሞ ተነል ባንድ አቅጣጫ ነው፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ከሰራህ ለመልሱ እዚህ ራውተር ላይ ሌላ ትሰራለህ።

ጥያቄ፦ 100 ሜጋ ሪዘርቭ አድርጌለት ለምን 300 ያልፍበታል?

ይቺ ሳትጠየቅ ቀርታ አታውቅም። አርኤስቪፒ (በመንገዱ ላይ ባንድዊድዝ የሚያስይዘው ፕሮቶኮል) የሚይዝልህ ቦታ የወረቀት ነው። መናኸሪያ ስምህን ጽፈው ወንበር ያዙልህ እንበል፣ በሩ ላይ ትርፍ የሚከለክል ከሌለ የሐረጎን ቁልቁለት ሶስት ሆናችሁ ባንድ ወንበር ነው የምትወርዱት። ራውተሩ ቁጥሩን የሚፈልገው መንገድ ሲመርጥ ነው፣ ከየሊንኩ ላይ እየቀነሰ ይሄዳል፣ ካለቀ አዲሱ ተነል በዛ አያልፍም፣ በቃ። የሚያልፈውን ፓኬት አይለካም። መገደብ ከፈለግክ ፖሊሲንግ (ከገደቡ ያለፈውን የሚጥል) ለብቻው ስራ።

ጥያቄ፦ ሊንኩ 1 ጊጋ ነው፣ ባዶ ነው፣ ተነሉ ግን መንገድ አጣሁ ይለኛል።

እህቴ፣ መንገዱ የሚያልፍባቸው ኢንተርፌሶች ሁሉ ላይ አይፒ አርኤስቪፒ ባንድዊድዝ የሚል ትእዛዝ አለ? ቁጥር ሳትሰጪው ከተውሽው የሊንኩን 75 ፐርሰንት ነው የሚወስደው፣ ማለትም 750 ሜጋ። ካለ ደሞ ዜሮዎቹን ቁጠሪ፣ የተነሉ ባንድዊድዝ የሚጻፈው በኪሎቢት ነው፣ 100 ሜጋ ማለት 100000፣ አንድ ዜሮ ከተረፈሽ 1 ጊጋ እየጠየቅሽ ነው። እኔ በተቃራኒው ነው የተሸወድኩት፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ እያዳፋኝ 100 ብቻ ጽፌ ተነሉ ቆንጆ አፕ አለ፣ ትራፊኩም ያልፋል፣ ሳምንት ሙሉ ማንም አልነቃ፣ ሌሎች ተነሎች ሊንኩ ባዶ መስሏቸው እላዩ ላይ እየተጫኑ ሲጨናነቅ ነው የገባኝ።

ጥያቄ፦ የተነል ፕራዮሪቲ (ቦታ ሲጠብ ማን ይቅደም የሚለው) 7 ትልቁ ነው አይደል?

ትንሹ። ትልቁ 0 ነው።

ጥያቄ፦ ባንድዊድዙን ቀን ላይ ብቀይረው ደንበኛ ይቆረጣል?

አይቆረጥም፣ አዲሱን መንገድ አስነስቶ ትራፊኩን ካዞረ በኋላ ነው አሮጌውን የሚያፈርሰው፣ አዲሱ ካልተሳካለት አሮጌው ላይ ይቆያል። እኔ ግን ቀን አልነካም፣ ያን ሰዓት ኢንተርኔት የዘገየበት ሁሉ አንተ ነህ ብሎ ይደውልብኛል።