ኮባልት-60 ላይ የወጣው ሦስተኛ ፒክ ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ የኮባልት-60 ምንጭ በጀርማኒየም ዲቴክተሬ (የጋማ ጨረር መለኪያዬ) ቆብ ላይ አስቀምጬ ሌሊቱን ሙሉ ስቆጥር አደርኩ። ከታወቁት ከ1173 እና ከ1332 ሌላ፣ 2505 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ጥርት ያለ ፒክ (በኃይል ግራፉ ላይ ብዙ ምት የተቆጠረበት ጫፍ) ወጣልኝ። ኮባልቱ ሲበሰብስ የሚፈጠረው የኒኬል-60 ኒውክለስ ከላይኛው የኃይል እርከን በአንድ ዝላይ እስከ ታች ሲወርድ አየሁ ማለት ነው?

መልስ፦ ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን አይደለም። ቀጥታ ዝላዩ በተፈጥሮ ቢኖርም፣ ከመቶ ሚሊዮን መበስበስ ውስጥ የሚያጋጥመው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ያዩት የሁለት ጋማ ድምር ነው፤ 1173.2 እና 1332.5 ሲደመሩ 2505.7።

ኒውክለሱ 1173.2ቱን ከለቀቀ በኋላ መካከለኛው እርከን ላይ የሚቆየው ፒኮሰከንድ ገደማ ነው። አምፕሊፋየርዎ ደግሞ አንዱን ምት ለመቅረጽ ብቻ ማይክሮሰከንዶች ይፈጅበታል። ሁለቱ ጋማ አንድ ክሪስታል ውስጥ ገብተው ኃይላቸውን በሙሉ ካራገፉ፣ መሣሪያው አንድ ትልቅ ጋማ የገባ ይመስለዋል።

ምንጩን ከቆቡ 10 ሴንቲሜትር አርቀው ይቁጠሩ፤ ቀጥሎ 20 ላይ። 1332 በሦስት እጅ ቢቀንስ ድምሩ በዘጠኝ እጅ ገደማ ይቀንሳል፤ ሁለቱን አብሮ መያዝ አለበትና። እውነተኛ ዝላይ ቢሆን ኖሮ ከ1332 ጋር እኩል በወረደ ነበር። (የ1332 ቅናሽ፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን እንደሚጠበቀው ድፍን አራት እጅ ካልሆነ አይደንግጡ፤ ክሪስታሉ ከቆቡ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው የተቀመጠው።)

2346.4 ላይም ጉብታ ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ከአንድ መበስበስ ሁለት 1173 አይወጣም፤ ስለዚህ የሁለት አተሞች ጋማ በአጋጣሚ ተደርቧል፣ ምንጩም ለዚያ ርቀት በርትቷል ማለት ነው። 2614.5 ላይ ያለውን ግን ይተዉት፤ ከግድግዳው የሚመጣ የታሊየም-208 ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ 1332 ራሱ ነው። አጋሩ ጋማ ኃይሉን በከፊል ብቻ ቢያራግፍ እንኳ ምቱ ከ1332 ፒክ ወጥቶ ሌላ ቦታ ይቆጠራል። ስለዚህ ከፒኩ የጎደለው 2505 ላይ ከሚያዩት እጅግ ይበልጣል፤ በጎደለው የ1332 ቁጥር የዲቴክተሩን ብቃት (ከሚለቀቀው ጋማ ስንቱን እንደሚይዝ) ካሰሉ ዝቅ ብሎ ይወጣል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ዩሮፒየም-152ን ቆቡ ላይ ለጥፌ የብቃት ካሊብሬሽን ስሠራ ነጥቦቹ ኩርባው ላይ አልቀመጥ ብለውኝ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ፕሮግራሙን ስወቅስ ከርሜያለሁ። ጥፋቱ ግን የርቀቱ ነበር። ቅርብ መሥራት ግድ ከሆነብዎ በሲዚየም-137 ያመሳክሩ፤ 661.7 የሚደመርበት ሌላ ጋማ የለውም።

እርከኖቹን ማሳየት ከሆነ ሐሳብዎ ግን ሁለተኛ ዲቴክተር ያቁሙ። በአንዱ 1332 በተመዘገበበት ቅጽበት ብቻ ሌላው እንዲቆጥር ያድርጉ፤ 1173 ጎልቶ ይወጣል፣ 1332 ራሱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል።