በአር (ለዳታ ትንተና በሚያገለግለው የፕሮግራም ቋንቋ) ብዙ ፋይሎችን በአንድ ጊዜ ስለማንበብ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የአንድ ጤና ጣቢያን የ13 ወራት መዝገብ በ13 የሲኤስቪ ፋይሎች (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ሰንጠረዦች) ይዣለሁ። አንድ በአንድ ከማንበብ የተሻለ መንገድ ይኖራል?

መልስ፦ ይኖራል። በ«ሊስት ዶት ፋይልስ» የፋይሎቹን ስም ይሰብስቡ፤ በ«ኤል አፕላይ» አማካይነት «ሪድ ዶት ሲኤስቪ» እያንዳንዱን እንዲያነብ ያድርጉ፤ የተገኙትን ሰንጠረዦች ደግሞ በ«ዱ ዶት ኮል» እና በ«አርባይንድ» ያያይዟቸው። በሉፕ (በድግግሞሽ ትእዛዝ) ውስጥ እየጨመሩ ማያያዝን ግን አልመክርም፤ አር በየዙሩ እስከዚያ የተጠራቀመውን ሰንጠረዥ እንደ አዲስ ስለሚገለብጥ፣ ፋይሎቹ በበዙ ቁጥር ሥራው እየተጓተተ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ስሞቹን ይዘረዝራል፤ ለማንበብ ሲሞክር ግን ፋይሉን መክፈት አልቻልኩም ይላል።

መልስ፦ «ሊስት ዶት ፋይልስ» ካልታዘዘ በቀር የፋይሉን ስም ብቻ እንጂ የፎልደሩን አድራሻ አይመልስም። «ፉል ዶት ኔምስ» የሚለውን «ትሩ» ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ወሩ በፋይሉ ውስጥ ስላልተጻፈ፣ ከተያያዘ በኋላ የቱ ረድፍ የየትኛው ወር እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

መልስ፦ አጥብቄ የማሳስበው ይህንን ነው፦ የፋይሉ ስም ራሱ ዳታ ስለሆነ ከረድፎቹ ሊነጠል አይገባም። በ2021 የወጣው የ«ሪድአር» ፓኬጅ (በአር ላይ የሚጫን ተጨማሪ የፋይል ማንበቢያ) 2.0 ዕትም ብዙ የፋይል ስሞችን በአንድ ትእዛዝ ይቀበላል፤ ለ«አይዲ» የዓምድ ስም ከሰጡትም የመጣበትን ፋይል በየረድፉ ይመዘግብልዎታል። ወሩን በእጅ በተራ ቁጥር መሙላት አደገኛ ነው። ፋይሎቹ 1፣ 2፣ 3 እየተባሉ ከተሰየሙ አር የሚደረድራቸው በፊደል ቅደም ተከተል ስለሆነ ከ1 ቀጥሎ የሚመጣው 10 ነው፤ የሰኔ ሕሙማን የጥቅምት ተብለው ይመዘገባሉ፣ ምንም ዓይነት ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ከመነሻው 01፣ 02 ብሎ መሰየም ቅደም ተከተሉን ያስተካክላል።

ጥያቄ፦ 00412 የነበረው የካርድ ቁጥር 412 ሆነብኝ።

መልስ፦ አር ዓምዱ አሃዝ ብቻ ከሆነ እንደ ቁጥር ያነበዋል፤ ከፊት ያሉት ዜሮዎችም ይጠፋሉ። የባሰው ግን ችግሩ በአንዳንድ ፋይሎች ላይ ብቻ ሲደርስ ነው። በአንዱ ወር መዝገብ «00587/ሀ» የሚል አንድ ካርድ ቢኖር የዚያ ወር ዓምድ ጽሑፍ ሆኖ ዜሮዎቹን ይይዛል፣ የሌሎቹ ያጣሉ፤ አንዱ ታካሚ እንደ ሁለት ሰው ይቆጠራል። ስለዚህ በ«ኮል ክላስስ» ሁሉንም ዓምድ «ካራክተር» አድርገው ያንብቡ፤ ካያያዙ በኋላ ቁጥር መሆን የሚገባቸውን ብቻ ይለውጡ፣ በለውጡ ስንት ዋጋ ባዶ እንደሆነም ይቁጠሩ።

ጥያቄ፦ አርባይንድ የዓምድ ስሞች አይመሳሰሉም ብሎ ቆመ። «ዲፕላየር» በተባለው ፓኬጅ ውስጥ ባለው «ባይንድ ሮውስ» ብተካው ይሻላል?

መልስ፦ ወዲያው አይተኩት። ባይንድ ሮውስ ሳይቆም ያያይዛል፤ ይሁንና አንዱ ጸሐፊ «ዕድሜ»፣ ሌላው «እድሜ» ብለው ከሆነ ሁለት ዓምዶች ይፈጥርና የየአንዳንዳቸውን ቀሪ ቦታ ባዶ ይተወዋል። በመጀመሪያ የየፋይሉን የዓምድ ስሞች ጎን ለጎን አውጥተው ይመልከቱ፤ አጻጻፉን አንድ ካደረጉ በኋላ አርባይንድም ያለ ችግር ያያይዘዋል።