ለሞድ ሠሪ ልጆች፦ ሙቀት እንደ መብራት አይደርስም

የእህቴ ልጅ ፋክቶሪዮ ለሚባለው የፋብሪካ ግንባታ የኮምፒውተር ጌም ሞድ (ጌሙ ላይ የሚጨመር ቅጥያ) እየሠራ ነው። በመብራት ሳይሆን በሙቀት የሚሠሩ ማሽኖች ጨምሮበታል። «ጋሼ፣ ባላንሱ እምቢ አለኝ። ስንት ሜጋዋት ልስጣቸው?» አለኝ። ቁጥር ልነግረው ስል አንድ ሰው ትዝ አሉኝና ነገሩ ወደ ሌላ ሄደ።

ሥራ የጀመርኩት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የቦይለሩ ሠራተኛ ከንጋቱ 11 ሰዓት ይገባሉ። የእንፋሎቱን ቫልቭ በአንዴ አይከፍቱትም። ትንሽ ያዞራሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ጆሯቸውን ወደ ቱቦው ያስጠጋሉ። ቱቦው ውስጥ ያደረውን ውሃ አስቀድመው ያፈሳሉ። ካልፈሰሰ እንፋሎቱ ገፍቶ መታጠፊያው ላይ ያላትመዋል፤ ቤቱ ይናወጣል። እኔ ዲግሪዬን ይዤ የመጣሁ ጎረምሳ፣ ይሄ ሁሉ ልምምጥ ምን ያደርጋል እል ነበር። «ብረቱ መጀመሪያ ራሱ ይጠጣል። ሳይጠግብ ለማሽኑ አይሰጥም» አሉኝ።

ራስ ምታታችን መስመሩ መጨረሻ ላይ ያለው የማቅለሚያ ማሽን ነበር። እስከ ረፋድ አይሞቅም። ወረቀት ላይ የቦይለሩ አቅም ይተርፋል። ሰውዬው ግን ቱቦውን ሸፍኑት አሉ፤ ግማሹ ራቁቱን ነበር። ስብሰባ ተጠራ። እሳቸው ዲፕሎማ ስለሌላቸው የጠራቸው የለም። ትልቅ ቦይለር ይገዛ ተባለ፣ ተገዛ። ማሽኑ ግን ያው እስከ ረፋድ ቀዝቃዛ ነው። ቱቦው የተሸፈነው እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በነገራችን ላይ ምሳችንን የምናሞቀው እዚያው ራቁት ቱቦ ላይ ነበር። ሲሸፈን ያላዘነ ሠራተኛ አልነበረም።

ጌሙም ከዚህ አይለይም። ከሪአክተሩ (ነዳጅ አንድዶ ሙቀት ከሚሰጠው) ወደ ማሽኖቹ ሙቀት የሚያደርስ አንድ የሙቀት ቱቦ በ1 ዲግሪ እንዲሞቅ 1 ሜጋጁል ይፈልጋል። ከ15 ዲግሪ ተነስቶ 500 እስኪደርስ 485 ሜጋጁል ይወስዳል። 20 ከደረደርክ 9.7 ጊጋጁል ሄደ። አንዱ የኑክሌር ነዳጅ ደግሞ፣ ከጎኑ ሌላ ሪአክተር ከሌለ፣ 8 ጊጋጁል ነው የሚሰጠው። ገና አንድ ማሽን ሳይነሳ ከአንድ ነዳጅ በላይ ብረቱ ጠጣው ማለት ነው።

የዛሬ ልጆች ነገር እምቢ ሲላችሁ ቁጥሩን ማሳደግ ትወዳላችሁ። ያው እኛም ትልቅ ቦይለር ገዝተናል። ካልኩሌተር ላይ አትንጠልጠሉ እላለሁ፣ ከላይ ያለውን ስሌት ግን በስልኬ ነው የሠራሁት።

ሜጋዋቱን ተወውና ማሽኑ ሥራ የሚጀምርበትን ሙቀት ተመልከት። 500 ካልከው፣ ያንን ካለፈ በ501ም በ900ም እኩል ይሠራል። ሁሉንም 500 ላይ ከሰቀልካቸው፣ መብራት ለሚያመነጨው ተርባይን እንፋሎት ከሚያፈላው ዕቃ ጋር ይሻማሉ፤ እሱም 500 ነው የሚፈልገው። 200 ዲግሪ የሚበቃው ማሽንም ጨምርና መስመሩ ጭራ ላይ ይቁም። ለፈጣኑና ሙቀት ለሚበላው ማሽን ደግሞ ከሪአክተሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ተውለት። ያኔ ተጫዋቹ የት እንደሚያቆመው ማሰብ ይጀምራል።

ደግሞ ሙቀት ማስከፈል ብቻውን ዋጋ እንዳይመስልህ። ሪአክተር አንዴ ነዳጅ ከጎረሰ፣ ሙቀቱን የሚፈልግ ኖረም አልኖረም 200 ሰከንድ ሙሉ ያነደዋል። 1000 ዲግሪ ከደረሰ በኋላ ያለው ሁሉ ብክነት ነው። ሙቀት የሚተርፈው ተጫዋች ማሽንህን በነፃ ያሠራዋል። ስለዚህ ዋጋውን መገንቢያ ዕቃው ላይ ጣለው። ከጌሙ 2.0 ስሪት ወዲህ የሪአክተሩ ሙቀት በሰርክት (ዕቃዎችን በሽቦ አገናኝቶ ማዘዣ) ስለሚነበብ፣ ጎበዙ ሲቀዘቅዝ ብቻ ያጎርሰዋል። እሱን አትቅጣው፤ ለፍቶበታል።

ሞድህን ስትሞክር የሞቀ ሴቭ (ሁሉም ሞቆ ሳለ የተቀመጠ ጨዋታ) አትክፈት። ሁሉም ነገር ቀዝቅዞ ጀምርና የመጨረሻው ማሽን እስኪነሳ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ያዝ። ከሰለቸህ የማሽኑ አካል ራሱ የሚጠጣውን ሙቀት ቀንስለት። ሜጋዋቱን ከዚያ በኋላ ትነካካዋለህ።