ሁለት ሳምንት ገና ነው

እህቴ፣ ሁለተኛ ደረጃ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው፣ ጓደኛ የለኝም፣ ትምህርቱም ከበደኝ፣ ትምህርት ቤት ልቀይር ወይ ብለሻል። እኔ ብሆን አሁን አልቀይርም። በየክፍለ ጊዜው መምህር ሲቀያየር ማንም ግራ ይጋባል።

አጠገብሽ የምትቀመጠዋን «ይቺን ሦስተኛዋን ጥያቄ እንዴት ሠራሻት?» በያት። ደብተሯን ወደ አንቺ ስታዞር ወሬው ይጀመራል። እኔ የቅርብ ጓደኛዬን ያገኘኋት መቅረጫ ስዋስ ነው!

ማታ ማታ የዕለቱን ደብተር ለ10 ደቂቃ ክፈቺ፤ ያልደገሙት ነገር ቶሎ ይረሳል። ያልገባሽ ላይ ምልክት አድርጊና በነጋታው መምህሩን ጠይቂ። ስልክሽን ግን ከአልጋሽ አርቂው። በአንቺ ዕድሜ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚሆን እንቅልፍ ያስፈልጋል። ብቸኝነቱ ከበረታብሽ ደግሞ ለቤተሰብ ንገሪ፣ እባክሽ ዝም አትበይ።